የአንድ ሰው ሐዘን

ያቤጽ አባቱ ከሞቱም በኋላ በየእሁዱ ከአባቱ ጋር በስልክ ይነጋገር ነበር።

ጋሽ ሮቤል ያረፉት በኅዳር ወር፣ አዳማ፣ ከልጃቸው ቤት ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሞት የመጣባቸው በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ነበር። ጠዋት ሻይ ይዛ የገባችው የልጃቸው ሚስት ትርሲት ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተው አገኘቻቸው። ትከሻቸውን ነካች፤ ከዚያ የሻዩን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠች። አልጮኸችም። በቀኝ እጇ ያለውን፣ የልብ ምቷን ለመድን ቤቱ የሚመዘግበውን አንባር በግራ መዳፏ ጨብጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እንደለመደችው በዝግታ ተነፈሰች። የባል አባት ሲሞት አንባሩ ብዙ አያስቸግርም፤ የገዛ ወላጇ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ልቧ ሲረጋ ወጥታ ጎረቤቷን እትዬ ሄርሜላን፣ ቀጥላም የእድሩን ዳኛ ጋሽ ሱራፌልን ጠራች።

ያቤጽ ያን ዕለት ሰመራ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ በተዘረጋው የበረራ ትምህርት ቤት። የሚቀረው የመጨረሻው የፈተና በረራ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ደንብ ግልጽ ነበር። ወላጁ፣ ወንድም እህቱ ወይም ልጁ መሞቱን የተረዳ ተማሪ ዓመት ሙሉ አይበርም፤ ያዘነ ሰው የያዘውን አውሮፕላን የሚሸፍን ኢንሹራንስ የለምና። በዚያ ዓመት ውስጥ ደግሞ የተጠራቀመው የበረራ ሰዓት ይከስማል። የተከፈለበት ገንዘብ አይመለስም። ብድሩም አይቆምም።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠው ብዙ አልተከራከሩም። ፈተና ላይ ላለ ተማሪ መርዶ እንደማይነገር ከአባቶቻቸውም ያውቁታል።

«ልጁ ይፈተን» አሉ ጋሽ ሱራፌል። «ፈተናውን እንደጨረሰ በማለዳ መጥተን እንነግረዋለን። ያኔ እንደ ልቡ ያለቅሳል።»

«ሟቹስ?» አሉ እትዬ ሄርሜላ።

«ሟቹ ምን ሆኑ?»

«እንዲህ ተደብቆ የተቀበረ ሰው ያርፋል ወይ?»

«ሄርሜላ፣ እኔን የሚያሳስቡኝ ያላረፉት ናቸው።»

ቀብሩ ያለ ጡሩንባና ያለ ድንኳን ተፈጸመ። የያቤጽ ልጅ ኤልዳና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ለአባቷ ምንም እንዳትናገር ተመከረች። ልጅቷ ጥያቄ አላበዛችም። በክፍሏ ውስጥ እንዲህ የተመከሩ ሌሎች ልጆች ነበሩ።

መድን ቤቱ ይህን ልማድ አይቃወምም፤ እንዲያውም በታሪፍ አስገብቶታል። አገልግሎቱ ማቆያ ይባላል። ሟቹ በሕይወት ሳለ ካደረጋቸው የስልክ ወሬዎች ድምፁንና አነጋገሩን ወስዶ፣ መርዶው እስኪነገር ድረስ በለመደው ቀንና ሰዓት ይደውላል። ክፍያው የዕለት ነው። የውሉ የመጀመሪያ መስመር «ያልተረዳ ሰው አላዘነም» ይላል። ትርሲት ፈረመች። በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ሮቤል ለልጃቸው ደወሉ።

ሰመራ ላይ ብዙ ወጣቶች ነበሩ፤ ከየቤቱ አንድ አንድ የተመረጡ። በሌላው የሙያ ዘርፍ ሁሉ ማሽን ሰውን ተክቶ ሳለ፣ የፓይለት ሥራ ለሰው የቀረው በኢንሹራንስ ምክንያት ነው። ጋሽ ሮቤል ይህን ነገር እስከ መጨረሻው አልተቀበሉትም።

«አውሮፕላኑ ራሱ ይነሳል፣ ራሱ ያርፋል» ይሉ ነበር ለትርሲት። «ልጄ እዚያ ላይ ተቀምጦ ምን ሊሆን ነው?»

«አንድ ሰው መኖር አለበት ጋሼ። ሰው የሌለበትን ኢንሹራንሱ አይሸፍንም።»

«ሲወድቅ የሚጠየቅ እንዲኖር?»

«እንደሱ ነው።»

«እንግዲያው ፓይለት አትበሉታ! ዋስ በሉት። ዋስ ለመሆን ደግሞ ይሄ ሁሉ ብር!» ብለው እየሳቁ ወደ ክፍላቸው ይገቡ ነበር።

ከሞታቸው በኋላ የቤቱ ኑሮ በቀድሞው መንገድ ቀጠለ። ጠዋት ጠዋት እናትና ልጅ ከመውጣታቸው በፊት በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ አንባራቸውን ያስጠጋሉ፤ ሰሌዳው የሌሊት እንቅልፋቸውን፣ የልባቸውን ምትና የትናንት ወሬያቸውን አይቶ የዕለቱን የጥቅል ዋጋ ይናገራል። የቤተሰብ ጥቅል የሚባለው ሁሉን ያጠቃለለ ነው፤ ሕክምናውን፣ ቤቱን፣ የኤልዳናን ትምህርት ቤት፣ የያቤጽን በረራ። ዋጋው ዝቅ ሲል ቁርስ ላይ እንቁላል ይኖራል። ከፍ ሲል ዳቦ በሻይ ነው። ኤልዳና ክፉ ሕልም ያየች ቀን ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ «ዛሬ ዳቦ ነው እማዬ፣ ይቅርታ» ትላለች።

ትርሲት የምትሠራው ድሮ ፋብሪካ በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። በረድፍ ከተቀመጡ ሴቶች መካከል ሆና፣ ስሙን በማታውቀው ሩቅ ወደብ ላይ ያለ ክሬን በስክሪን ትነዳለች። እግሯን ባሕር ውስጥ ነክራ የማታውቀው ትርሲት ቀኑን ሙሉ የምታየው ባሕር ነው። ኮንቴነሩን ከመርከቡ አንስታ መሬት ታስቀምጣለች፤ ደግሞ ታነሳለች። ሥራው የረጋ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ እዚያም ደንቡ እንደ ሰመራው ነው፤ የቅርብ የሥጋ ዘመዷ መሞቱን የተረዳች ሴት ዓመት ሙሉ ክሬን አትነካም። ከደሞዟ ላይ የያቤጽ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ብድሩና ጥቅሉ ገና ሳይደርሳት ይቆረጣሉ። በተረፈው ይበላሉ። አሁን ማቆያውም ከዚያው ላይ ነበር።

ፈተናው ለታኅሣሥ ተቀጥሮ በአቧራ ምክንያት ለጥር ተላለፈ። በጥር ደግሞ ፈታኙን የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ስላልታደሰ ወደ የካቲት ገፋ። በየመሀሉ ተማሪው እጁ እንዳይፈታ መብረር አለበት፤ ለመብረር ደግሞ መክፈል አለበት። ትርሲት ምሳዋን መቋጠር ተወች። አጠገቧ የምትቀመጠው ሴት «ፆም ነው እንዴ?» ብላ ስትጠይቃት «ሆዴን አሞኝ ነው» አለች። የሆድ ሕመም መናገሯ በማግስቱ ዋጋውን ከፍ አደረገው።

እሁድ እሁድ ጋሽ ሮቤል ሲደውሉ ትርሲት መስማት አለባት። ውሉ እንደዚያ ይላል፤ አንድ አዋቂ የቤተሰብ አባል መስመሩ ላይ ሆኖ ነገር እንዳያፈተልክ ይጠብቃል። ድምፁ የእሳቸው ነው። ሳል እንኳ አለው። አንድ ነገር ብቻ ይለያል። ጋሽ ሮቤል በሕይወት ሳሉ ስልክ ላይ ቆይተው አያውቁም፤ «በል በል፣ ብር አትጨርስ» ብለው ጆሮ ላይ ይዘጉ ነበር። ይሄኛው ቀድሞ ዘግቶ አያውቅም።

የየካቲቱ ቀጠሮም በተሰረዘበት ሳምንት እሁድ፣ ያቤጽ ድምፁ ሰልሎ ነበር።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ጎረምሳው? ሙቀቱ አቀለጠህ ወይስ ገና ነህ?»

«ቀልጬ አልቄያለሁ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «አባዬ፣ አንድ ነገር ላማክርህ። ልተወው ብዬ ነው።»

«ምኑን?»

«ትምህርቱን። ትርሲት ከስታለች። በስክሪን እንኳ ያስታውቃል፤ እሷ መብራቱ ነው ትለኛለች። ኤልዳናን ሳላያት አደገች። ነገ ብነሳና ብመጣ አዳማ ውስጥ አንድ ሥራ አላጣም። ምን ትለኛለህ?»

ትርሲት እጇን አፏ ላይ አደረገች። አማቷ ከመሞታቸው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ብርድ ልብሱን እያስተካከለችላቸው ሳለ ያሉትን ታስታውሳለች፤ «ይምጣ በቃ። እዚህ መጥቶ ባጃጅ ይጠግን፤ ከልጁ ጋር አንድ ገበታ ይብላ። እኔ እንዳልኩ ንገሪው» ነበር ያሉት። አልነገረችውም። ትንሽ ነው የቀረው፣ አታዘናጊው ብላ ራሷን አሳምና ነበር።

«ልጄ» አለ ስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ በፍቅር፤ «ወንዝ መሀል ከደረሱ በኋላ መመለስም መሻገርም እኩል ያረጥባል። ጨርስ። ትርሲት ብርቱ ሴት ናት። እኔም እስክትጨርስ አለሁልህ፤ ምኞቴ እሱን ማየት ነው።»

ያቤጽ ሲመልስ ድምፁ ውስጥ እንባ ነበር።

«እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም አባዬ።»

«እርጅና ነው መሰለኝ።»

«እሺ። እጨርሳለሁ።»

ትርሲት ያን ቀን ምንም ሳትበላ ዋለች። በማግስቱ ከሥራ እንደወጣች ወደ መድን ቤቱ ሄደች። ውሳኔዋ አንድ ነበር፤ ማቆያውን አቋርጣ፣ የሆነው ይሁን ብላ፣ አባቱ ያሉትን ከነሞታቸው ልትነግረው።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፌበን ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ትሑት ልጅ ነበረች። ወንበር አመቻቸችላት፤ ውሃ ሰጠቻት።

«ማቆያ ላቋርጥ ነው የመጣሁት» አለች ትርሲት።

«ምነው እህቴ፣ አልተመቸሽም?»

«ተመችቶናል። ከመጠን በላይ ተመችቶናል።»

«እሺ፣ ጥቅላችሁን ልክፈተው።» ፌበን ስክሪኑን አየች። «ሁለቱንም ነው የምታቋርጪው?»

«ሁለቱን ምን?»

«ማቆያዎቹን።»

«እኔ የከፈትኩት አንድ ነው። ለባለቤቴ።»

የፌበን ጣት ስክሪኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብላ ግራና ቀኝ ያሉትን መስኮቶች ተመለከተች።

«ሌላውን ማን ከፈተው?» አለች ትርሲት።

«እህቴ፣ ተሳስቼ ነው። ይሄን ማንበብ አልነበረብኝም።»

«ፌበን፣ ማን ከፈተው?»

«ባለቤትሽ ናቸው። ከሰመራ።»

ለማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በጥቅሉ ውስጥ ያሉት አዋቂዎች እሷና እሱ ብቻ ናቸው። እሱ ለራሱ መርዶ ማቆያ አይከፍትም። አንድ የእሷ ሰው ሞቷል፤ ያ ሰው ግን አሁንም ይደውልላታል።

«ማን ነው የሞተብኝ?» አለች በሹክሹክታ።

«ለኔም አያሳየኝም። ቢያሳየኝና ብነግርሽ እዚሁ ወንበር ላይ ተረዳሽ ማለት ነው፤ ነገ ክሬኑ ላይ አትቀመጪም። የናንተ ጥቅል ደግሞ…» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ «በአንድ ጊዜ የሚሸፍነው የአንድ ሰው ሐዘን ነው። አንዳችሁ ብታዝኑ ሌላው እየሠራ ቤቱ ይቆያል። ሁለታችሁም በአንድ ዓመት ውስጥ ካዘናችሁ ግን ጥቅሉ ይፈርሳል። ቤቱም፣ ትምህርቱም፣ ብድሩም አብሮ።»

«ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ብሄድስ?»

«እንደዛ ከሆነ አልተረዳሽም።»

«አንድ ሰው እንደሞተብኝ እያወቅኩ?»

«ማን እንደሆነ አታውቂም። አንባሩ ስም ይፈልጋል፤ ልብ ብቻውን በደስታም ይመታል። ስሙ ላልታወቀ ሰው አይታዘንም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው እህቴ።» ከዚያ፣ ከደንቡ ውጭ፣ የትርሲትን እጅ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

ትርሲት ምንም ሳታቋርጥ ወጣች።

አባቷ የሞተው በልጅነቷ ነው። የቀሯት ሆሳዕና ያሉት ናቸው፤ እናቷ እማማ ሜላት፣ ታላቅ ወንድሟ ካሌብ፣ ታናሽ እህቷ ሰናይት። ሦስቱም በዚያ ሳምንት ደውለውላት ነበር። ከሦስቱ አንዱ አፈር ውስጥ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ታዳምጥ ጀመር።

በመጀመሪያ የደወለው ካሌብ ነው።

«እህት ዓለም፣ እስከ ወር መጨረሻ የምትመልሺልኝ… ማለቴ የምመልስልሽ ትንሽ ብር አትጠፋሽም?»

ትርሲት ከት ብላ ሳቀች። በሕይወቷ የወንድሟ ብድር እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ማሽን ብር አይበደርም።

«ምን ያስቅሻል? ከሌለሽ የለኝም በይኝ።»

«የለኝም ወንድሜ። የለኝም! እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ።»

ሰናይት በደወለች ጊዜ በማይረባ ነገር ተጣሉ፤ ሰናይት በንዴት ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ትርሲት የተዘጋውን ስልክ ደረቷ ላይ ይዛ ቆየች። ማቆያ ቀድሞ አይዘጋም።

እናቷ ረቡዕ ማታ ደወለች። ስለ ኤልዳና ጠየቀች፤ ትርሲት ስላለመብላቷ ተቆጣች፤ ስለ ጎረቤት ላም ረጅም ወሬ አወራች፤ በወሬው መሀል ሁለት ጊዜ ሳቀች። የድሮዋ እናቷ ነች። ነገር ግን እናቷ ድሮም ቀድማ ዘግታ አታውቅም። ብርም ለምና አታውቅም። ትርሲት አንድ ሊጠየቅ የሚችል ነገር ፈለገች፤ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት፣ በስልክ ተወርቶ የማያውቅ። አገኘችው። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ ግን መልሱን ብታጣ ስም እንደምታገኝ ገባት።

«እናቴ» አለች፤ «ስለ ላሟ ንገሪኝ እስቲ፣ ከዚያ ምን ሆነች?»

ከዚያ በኋላ ማጣራቱን ተወችው። በሥራ ላይ ኮንቴነር ሲነሳና ሲቀመጥ እጇ አልተንቀጠቀጠም። የወሩ የሥራ ምዘናዋ ከፍ አለ።

ያቤጽን አልተቀየመችውም። እሱ ያደረገው እሷ ያደረገችውን ነው። አንዳንዴ፣ ባሕሩን እያየች፣ እሱም ሰመራ ላይ በዚያው ሰዓት የእሷን ሐዘን ለብቻው ተሸክሞ እንደሚበር ታስባለች፤ የእሱን እሷ እንደተሸከመችው። ይህን ሊነጋገሩበት አይችሉም። ስለዚህ ስለ አየር ጠባይ ያወራሉ።

በመጋቢት አጋማሽ ፈተናው ተደረገ። ያቤጽ አለፈ። መልእክቱ የመጣው በአዳራሹ ውስጥ ሳለች ነው፤ «አልፌያለሁ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እደርሳለሁ። አባዬን ለብቻዬ ልነግረው እፈልጋለሁ፣ እንዳትነግሪው።»

ትርሲት ለራሷ የወሰነችው ወሬው ገና ሳይደርሳት ነበር። በቤቱ ውስጥ ለአንድ ሰው ሐዘን ብቻ ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ የያቤጽ ነው። ፈቃዱን ከያዘ በኋላ የበረራ ሰዓቱ አይከስምበትም። ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጦ አባቱን ያልቅስ፤ እሷ ክሬኗን ትነዳለች፤ የእሷን መርዶ ሳትሰማ ትኖራለች። ለሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ አላብራራችም። ቅዳሜ በማለዳ ይምጡ ብቻ አለች።

መጡም። ሳሎኑ ውስጥ ጋሽ ሱራፌልና ሦስት የእድሩ ሰዎች ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ተቀመጡ። እትዬ ሄርሜላ ንፍሮ ቀቅለው በትልቅ ድስት ይዘው መጥተዋል። እትዬ ሄርሜላ አንባር የላቸውም፤ ጥቅል ልግባ ባሉ ጊዜ ዕድሜሽ አልፏል ተብለው ተመልሰዋል። ድንኳኑ በጋሪ ተጭኖ መንገዱ ማዶ ይጠብቃል። ትርሲት ለእንግዳ ብላ ጨጨብሳም አዘጋጅታ ነበር፤ ሰው ከመንገድ ሲመጣ መጀመሪያ እህል ይቀምሳል፣ ከዚያ ይነገረዋል።

መኪና ውጭ ቆመ። ትርሲት የግቢውን በር ከፈተች።

ያቤጽ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ አዲስ የፓይለት ማዕረግ አለ። ጠቁሯል። ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ከጀርባው ያሉትን አየች። ካሌብ ከመኪናው እየወረደ ነበር። ቀጥላ ሰናይት ወረደች። ሁለቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሦስተኛ ሰው እስኪወርድ ጠበቀች። የመኪናው በር ተዘጋ።

እንዲህ ባለ ቀን ልጆቿ ከሆሳዕና ተነስተው ሲመጡ ቤት የምትቀር እናት አልነበረችም።

ያቤጽ የመጣው አንድ ንግግር አጥንቶ ነው፤ ፊቷን ሳያይ ጀመረው። «ትርሲቴ፣ ሥራ ጀመርኩ። ሰኞ እበራለሁ። ዓመቱን ሳላቋርጥ ከሠራሁ ደሞዙ ለሁላችንም ይበቃል። አንቺ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ አትገቢም። ታርፊያለሽ። እንደ ልብሽ ትሆኛለሽ። ይሄን ያህል ጊዜ…» አቆመ። በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ ሳሎኑን አይቷል። የጋሽ ሱራፌልን ነጠላ አየ። የንፍሮውን ድስት አየ። ዓይኑ ጓሮ ወዳለችው ክፍል ሄደ፤ በሯ በውጭ በኩል ተቆልፏል።

ሁለቱ በሩ ላይ ተያዩ። የሁለቱም ልብ ይሮጥ ነበር። አንባሮቹ ናፍቆት ነው ብለው መዘገቡት።

ጋሽ ሱራፌል የያቤጽን ንግግር አልሰሙም። እንደ ወጉ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ። «እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይሞት የለም…»

«ጋሽ ሱራፌል!» አለች ትርሲት። «ቁርስ ቀርቧል።»

«እሱማ ይደርሳል፣ አስቀድመን ግን…»

«ሰኞ ይበራል ጋሽ ሱራፌል። እባክዎ። ይበርድብናል።»

በር ላይ ካሌብ «እህቴ» ብሎ አንድ እርምጃ ቀረበ፤ ድምፁ ከመጀመሪያው ቃል ተሰብሯል። ያቤጽ ክንዱን ጨመቀው። «ካሌብ፣ ግባ። መንገዱ አድክሞሃል። ሰናይት፣ ነጠላሽን አስተካክይ፣ ግቢ።»

ሰናይት ግራ ገብቷት እህቷን አየች። «እኛ የመጣነው እኮ…»

«ልትጠይቁን ነው የመጣችሁት» አለች ትርሲት። «ደግ አደረጋችሁ። ቆያችሁብን።»

«ምን ማለቷ ነው? አንድ ዓመት ታርፋለች ብለኸኝ አልነበር?» አለ ካሌብ ያቤጽን በሹክሹክታ።

«ሁለታችንም ማረፍ አንችልም» አለ ያቤጽ። «ለብቻው ማረፍ ደግሞ አንዳችንም አንፈልግም።»

ገቡ። ሁለቱ የመርዶ ነጋሪ ቡድኖች ትይዩ ተቀመጡ፤ እነማን እንደሆኑ ማንም አላስተዋወቃቸውም። እትዬ ሄርሜላ የንፍሮውን ድስት ከዓይን ለማራቅ ኩሽና ከተው ክዳኑን ጫኑበት። ትርሲት የእጅ ውሃ አዞረች። ጨጨብሳው ቀረበ። ከእድሩ ሰዎች አንዱ ስለ ዘይት ዋጋ አንስቶ ነበር፤ የሚቀበለው ሲያጣ ራሱ ጨረሰው። ያቤጽ ትርሲትን አጎረሳት፤ ዋጠች፤ እሷም አጎረሰችው። አፋቸው እህል ሲይዝ ከንፈራቸው መንቀጥቀጡን ይተው ነበር። ኤልዳና አባቷ ጉያ ውስጥ ገብታ የትከሻውን ማዕረግ በጣቷ ትነካካለች። ስለ አያቷ አልተናገረችም፤ አልተጠየቀችምም።

እትዬ ሄርሜላ ቆመው ሁሉንም አዩ። የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ።

«እኔ አንባር የለኝም» አሉ፤ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ ከአጥሩ ጀርባ ለቅሶ ተሰማ። ሰው በሞተ ጊዜ ይለቀስ የነበረው ዓይነት ነው፤ ከሆድ የሚወጣ፣ ደረት የሚደቃበት፣ ትንፋሽ ሲያጥር ቆሞ ደግሞ የሚነሳ። «ወንድም ጋሼ» አሉ። «እህት ዓለሜ» አሉ። «ያልተለቀሰላችሁ፣ አፈር የተመለሰባችሁ በዝምታ» አሉ። ስም ግን አንድም ጊዜ አልጠሩም። ያውቁበት ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ እጆች ሁሉ ገበታው ላይ ቆሙ።

«ማናት የምታለቅሰው?» አለ ያቤጽ። ድምፁ የሰው አልመሰለም።

ማንም ሳይቀድማት ኤልዳና ቀና አለች። «የሰፈር ሰው ናት አባዬ» አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «ሰው ሞቶባት ነው።»

ያቤጽ የልጁን ፊት ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ የያዘውን ጉርሻ ገበታው ላይ መለሰና አቀርቅሮ «ነፍስ ይማር» አለ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ጋሽ ሱራፌል።

«ነፍስ ይማር» አሉ ካሌብና ሰናይት፤ የእድሩ ሰዎችም ተከተሉ።

ለቅሶው ከአጥሩ ማዶ ዳግም ከፍ አለ።

«ነፍስ ይማር» አለች ትርሲት። ትንሽ ቆይታም ደገመችው፤ ሁለተኛው ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።